ባዶ ከተተወ ምንም አይሆንም

የእህቴ ልጅ የኪቦርዱን ቁልፎች በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ እየነቀለች በጋዜጣ ላይ ትደረድራለች። ከሥራቸው የተጋገረውን እድፍ በክብሪት እንጨት ትፍቃለች፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ትጠርጋለች፤ ፊቷን ግን ወደ ጎን አዙራለች። የዳቦ ፍርፋሪ አለ፣ ፀጉር አለ፣ ምንነቱ ያልታወቀ የደረቀ ነገር አለ። በመጨረሻ የተቆረጠ ጥፍር ወጣ። ቋቅ አላትና ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች።

«የሰው ጥፍር እኮ ነው፣ እቴቴ!» አለችኝ። «ሰውዬው ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር ለካ የሚጽፈው!»

ኪቦርዱ ሥራ የለቀቀ ባልደረባዋ የነበረ ነው። የእሷ ሲበላሽ «አዲስ እስኪመጣ» ብለው ያንን ሰጧት። እንዲህ እንዳለ ጣቷን ልታሳርፍበት ስላልቻለች በፌስታል ጠቅልላ ቅዳሜ ቤት ይዛው መጣች። ከልጅነቷም እንዲህ ናት። ብርጭቆ ሲሰጧት ወደ ብርሃን አንሥታ ሳታይ አትጠጣም። በመሥሪያ ቤቷ «አጉሊ መነጽር» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ ሲያቆላምጧት ደግሞ «አጉሊዬ» ይሏታል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው።

ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ይቸግረኛል። እንደገባኝ ልጻፈው። ፕሮግራም የሚባለው ነገር በብዙ ቁርጥራጭ ይጻፋል፤ ቁርጥራጩን የሚያገጣጥም ደግሞ ሌላ ፕሮግራም አለ። መገንቢያ ይሉታል። የእሷ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ያንን መገንቢያ ነው። መገንቢያው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ብዙ ማስተካከያ አለው፤ ክሩ ይጥበቅ ወይስ ይላላ፣ ስፌቱ ይርዘም ወይስ ይጠር እንደማለት። የመኪናው ማስተካከያ በእጅ ይጠመዘዛል፤ የዚህኛው ግን በስም ይጠራል። ተጠቃሚው ስሙን ይጽፍና ከፊቱ የሚፈልገውን ይሞላለታል። እንዲህ ያሉ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች አሉ። የእህቴ ልጅ የእያንዳንዱን ጠባይ በመመሪያው ላይ ትጽፋለች፦ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሞላበት፣ ባዶ ቢተው ምን እንደሚሆን። በመስመሩ መጨረሻ «ተሞክሯል» የምትል ሳጥን አለች። ጸሐፊው በገዛ ኮምፒውተሩ ሞክሮ ካየ በኋላ ምልክት ያደርግባታል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ ገጹ የታረመበት ቀን ይጻፋል፤ ቀኑንም የሚሞላው ጸሐፊው ራሱ ነው።

ጸሐፊዎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ሳጥኖቹን የሚሞሉት ሥራው በሚያልቅበት ቀን፣ ሻይ እየጠጡ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ነው። እሷ ይህን ስታይ ያንገሸግሻታል። ማታ ጫማዋን እያወለቀች ትነግረኛለች፤ ድምፃቸውን ሁሉ አስመስላ ስለምትናገር አብሬያቸው የዋልኩ ይመስለኛል።

«‘የፍጥነት ልክ’ የሚል ስም አለ፣ እቴቴ። ምን ብለው እንደጻፉለት ታውቂያለሽ? ‘የፍጥነትን ልክ ይወስናል።’ አጎት ማለት አጎት የሆነ ሰው ነው እንደማለት እኮ ነው!»

እኔ እስቃለሁ። እሷ አትስቅም።

ያ ኪቦርድ በጸዳ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ደብዳቤ በኮምፒውተሯ ገባ። የጻፈችው የማታውቃት ሴት ናት። ሴትዮዋ በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ብቻዋን ትሠራለች። መገንቢያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቆየውን ትርፍራፊ የሚጠርግበት ፎልደር የሚሉት የፋይል ማኅደር አለ፤ የዚያ ፎልደር ስም የሚሞላበትን መስመር ባዶ ተወችው። መገንቢያውን ስታስነሣው የአሥራ አንድ ወር ሥራዋ ጠፋ። ለመጠባበቂያ የገለበጠችበት ዲስክም እዚያው ላይ ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተጠረገ።

«አለቆቼ በቸልተኝነት ነው ያጠፋሽው ይሉኛል» ይላል ደብዳቤው። «ውሌ ወሩ ሲያልቅ ይቋረጣል። መመሪያችሁ ላይ ግን ‘ባዶ ከተተወ ምንም አይሆንም’ የሚል አንብቤአለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ይህንኑ የሚመሰክር አንድ ወረቀት ስጡኝ።»

የእህቴ ልጅ ገጹን ከፈተች። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ አለ። «ተሞክሯል» የምትለው ሳጥን ተሞልታለች። የጸሐፊው ስም የራሷ ነው።

መጀመሪያ አላመነችም። የማትፈልጋቸውን ፋይሎች አንድ ላይ ሰበሰበች፤ መስመሩን ባዶ ተወችና መገንቢያውን አስነሣችው። ሰው አንድ ጊዜ እስኪያስነጥስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠፋ። ነገሩን ለእኔ ስታስረዳኝ፣ «ጠራጊ ቀጥረሽ ‘የእገሌን ክፍል ጥረጊ’ ስትዪ የክፍሉን ስም ብትረሺ፣ ሰው ከሆነች ‘የቱን?’ ብላ ትጠይቅሻለች። ይሄ ግን አይጠይቅም። ቤቱን በሙሉ ጠርጎ አልጋውንም ሣጥኑንም ደጅ ይጥለዋል» አለች።

ያኔ ትዝ አላት። ከአምስት ዓመት በፊት፣ መመሪያው በሚወጣበት ቀን፣ ያልሞከረችው አንድ መስመር ብቻ ቀርቷት ነበር። ኮምፒውተሯ ቆሞባት፣ መገንቢያውን ለሠራው መሐንዲስ ስልክ ደወለችና እሱ ያላትን ጻፈች። ሰውዬውን «ነገ» ይሉታል፤ ምን ቢጠየቅ መልሱ ያው ስለሆነ። አሁን ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አንደኛው ውስጥ ሻጋታው ጠጉር አብቅሏል። ብርጭቆውን ላለማየት ወደ ጣሪያው እያየች ጠየቀችው።

«የሚጠረገው ፎልደር ስም ባዶ ቢሆን ምን ይሆናል?»

«ውይ፣ እሱማ ሁሉን ይጠርጋል!» አለ እየሳቀ። «የታወቀ ነው እኮ፣ አጉሊዬ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«እኛ።»

«ታዲያ ያኔ ስደውልልህ ምንም አይሆንም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ያኔማ...» ራሱን አከከ፤ ያከከበትን ጥፍር አየ፤ ጥፍሩን በሱሪው ጠረገ። «ምሳ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። አፌ ሙሉ ነበር። ደግሞስ ማን ባዶ ይተወዋል ብዬ?»

«ለምን አታስተካክለውም?»

«ነገ» አለ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ፣ ሦስቱ ባልደረቦቿ ከጻፏቸው መስመሮች ሃያውን እንዲሁ መርጣ ሞከረች። ዘጠኙ ውሸት ሆነው ተገኙ። ሃያዎቹም «ተሞክሯል» ተብለዋል።  መታጠቢያ ቤት ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ እዚያም ፎጣው እርጥብ ነው፣ ይሸታል። እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራት። «ለስላሳው» ይሉታል፤ ንግግሩ ጉሮሮ ስለማይነካ። ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል። ቢሮው ውስጥ ሽቶ ይረጫል፤ ከረሜላ ከአፉ አይጠፋም። የሴትዮዋ ደብዳቤ ለእሱም ደርሶታል።

«ተቀመጪ፣ እህቴ። ይቺን መስመር አስተካክያት። ‘የግድ መሞላት አለበት’ በያት።»

«አስተካክላለሁ።»

«የታረመበትን ቀን ደግሞ ካቻምና አድርጊው።»

«ካቻምና አላረምኩትም እኮ።»

ከረሜላውን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ጉንጩ አዛወረው። ጥርሱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። «ማን ያውቃል?»

«ሴትዮዋ ታውቃለች። አንብባዋለች።»

«እሷ አንድ ሰው ናት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ዝንቡማ ገብቷል» አለች። «አሁን እርስዎ የሚሉኝ ዋጪው ነው።»

ሳቀ። በጣም ነው አሉ የሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስመሯን የጻፈው ማን ነው? ምልክቱን ያደረገውስ? እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው። ይሄ ነገር ቢወጣ ቀድሞ የሚጠራው የማን ስም ይመስልሻል?»

 ከመሳቢያው ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ አወጣ። ለሴትዮዋ የተጻፈ ነው። መመሪያው መስመሩ መሞላት እንዳለበት ካቻምና ጀምሮ በግልጽ ይናገራል፣ ስለዚህ ለደረሰው ጥፋት መሥሪያ ቤቱ ተጠያቂ አይደለም ይላል። ወረቀቱ ጥግ ላይ የጣቱ ወዝ፣ ከከረሜላው ጋር የተጣበቀ ሮዝ አሻራ ታትሟል።

«ይቺን ታች ሁለተኛ ፎቅ ወስደሽ ማኅተም አስመቺባት። ከዚያ እዚያው መዝገብ ቤት ስጪያት፤ ይልኳታል። አደራ።»

በሁለት ጣቶቿ፣ አሻራ በሌለበት ጥግ ይዛ ወጣች።

ያን ቀን እቤት ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን በሳሙና አሸች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና አሸች። እራት አቀረብኩ፤ አልነካችም። ሁሉን ነገረችኝ፤ በዚህ ቀን ግን የማንንም ድምፅ አላስመሰለችም።

«እነሱን ስጸየፍ ነው የኖርኩት፣ እቴቴ። የእኔም እድፍ እዚያው ውስጥ ነበር ለካ።»

«አንቺ ተሳሳትሽ እንጂ አልዋሸሽም» አልኳት፤ ላጽናናት ብዬ።

«ዋሽቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነው። ሳጥኑ ግን ውሸት ነው። ሞክሬአለሁ ነው እኮ የሚለው።»

 እውነቷን ነው። «ቢያባርሩሽስ?» አልኳት።

«እሷን እያባረሯት ነው» አለች፤ ስለማታውቃት ሴት። ከዚያ ምግቡን ወደ ራሷ ሳበች፤ ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገባች። መስመሩን እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፤ በወረቀት አስጽፌአት ነው እዚህ የምገለብጠው፦

«የሚጠረገው ፎልደር ስም። የግድ መሞላት አለበት። ባዶ ከተተወ መገንቢያው የሥራውን ፎልደር በሙሉ፣ ከተሰኩት ዲስኮች ጋር፣ ይሰርዛል። የተሰረዘው አይመለስም። እስከ ትናንት ድረስ ይህ ገጽ ‘ባዶ ከተተወ ምንም አይሆንም’ ይል ነበር። ስህተት ነው። ሳልሞክር ሞክሬአለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሞክሬዋለሁ።»

በግርጌው የዕለቱን ቀን ሞላች፤ ስሟን አስቀመጠች። በሃያዎቹ ውስጥ ካገኘቻቸው ዘጠኝ ውሸቶችም ላይ «ተሞክሯል» የሚለውን ምልክት አነሣች። ገጹን ሰው ሁሉ እንዲያየው አወጣችው። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ገጽ አያይዛ ለሴትዮዋ ላከችላት። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አልተሳሳቱም፤ ይህን ለአለቆችዎ ያሳዩአቸው።»

በአራት ሰዓት ገደማ ሦስቱ ባልደረቦቿ አወቁ። አንደኛዋ መጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤት ስታጸጂ የጎረቤትንም ምንጣፍ ታራግፊያለሽ እንዴ?»

«አቧራው ወደ እኔ ሲመጣ፣ አዎ።»

«ገማሽ እኮ! ሁላችንንም አገማሽን!»

«እኔ አላገማሁትም» አለች የእህቴ ልጅ። «ክዳኑን ነው የከፈትኩት።»

ባልደረባዋ ትታት ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሻይ ሲወጡ አይጠሯትም።

ሳምንቱ ሳያልቅ መመሪያውን ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡ። ጠረጴዛዋን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ትይዩ አዞሩት። በሩ አይገጥምም። ሰው በገባ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ ቀኑን ሙሉ እንዴት ተይዞ ይዘለቃል? አሁን የምትሠራው የሌሎችን ደብዳቤ ነጥብና ሰረዝ ማረም ነው። ለስላሳው ከፊቷ ሲያልፍ «እንዴት ነው፣ ተመቸሽ?» ይላታል፤ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች።

ሴትዮዋ ከአሥር ቀን በኋላ ጻፈችላት። ድርጅቱ ውሉን አላቋረጠባትም። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም፤ የጠፋውንም ሥራ እንደ አዲስ ጀምራዋለች። የእህቴ ልጅ ይህን ስታነብልኝ ደስ ያላት መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ እንደተጨፈገገ ነው። «አሥራ አንድ ወር፣ እቴቴ» ብቻ አለች።

ማኅተም እንድታስመታበት የተሰጣት ደብዳቤ እስካሁን እሷ ዘንድ ነው። ለስላሳው ሁለት ጊዜ «ያቺ ወረቀት ሁለተኛ ፎቅ ደረሰች?» ብሎ ጠይቋታል፤ ሁለቴም «እወርዳለሁ» ብላዋለች። አልቀደደችውም፤ መልሳም አልሰጠችውም። አዲሱ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታው ነጭ እንደሆነ ተቀምጧል። ደረጃው ከወንበሯ አምስት እርምጃ ነው። አልወረደችም።