የጎረቤታችን ግማሽ ቅል

ልጅ ሳለሁ በተረቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ አገር እኛ እንደሆንን አምን ነበር። ተረቱን የሚነግሩን ጎረቤታችን ጋሽ ጳውሎስ ነበሩ፤ የአሪ ገበሬ ናቸው፣ ቤታቸውም ጂንካ ዳር ላይ፣ በእንሰቱና በቡናው መሃል ነበር። ማታ ማታ እናቴ እራት እስክታደርስ ከልጆቻቸው ጋር ምድጃው ዙሪያ እኮለኮላለሁ። ዝናብ የማያጣው አገር ነውና እንጨቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ያስለቅሰናል፣ ኩራዙም ተረቱ ሳያልቅ ጋዝ ይጨርስና እልም ይላል፤ ያኔ ግን የፍሙ ብርሃን ይበቃን ነበር።

ተረቱ የአንዲት ትንሽ አገርና የኃያል ጎረቤቷ ነው። ትንሿ የወንዙን መሻገሪያ ልትጠብቅ፣ ትልቋ ጦረኞቿን ልትልክ ተስማሙ። ሽማግሌዎቻቸው ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ብርዝ ጠጡ፤ ከዚያም ቅሉን ለሁለት ሰንጥቀው ተካፈሉት። ጭንቅ የመጣበት ግማሹን ይልካል፤ የተላከለት የያዘውን ሥራ ጥሎ ይደርሳል። ቅሉ ለባለቤቱ የሚመለሰው እርዳታው ሲፈጸም ብቻ ነው። ትልቋ በተቸገረች ጊዜ ትንሿ ደረሰችላት። የትንሿ ተራ ሲመጣ መልእክተኛዋ ግማሹን ቅል ይዞ ከትልቋ አገር ንጉሥ ደጅ ቆመ፤ ንጉሡም ቅሉን ሲያይ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ። እዚህ ሲደርሱ ጋሽ ጳውሎስ ከዱካቸው ብድግ ይሉና እኛም አብረናቸው እንነሣ ነበር።

ነገሩ ተረት ብቻ አልነበረም። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው፤ አያቴ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ናቸው። እሱና ጋሽ ጳውሎስ ራሳቸው እንዲያ ተማምለዋል። ጋሽ ጳውሎስ ጴንጤ ስለሆኑ ጠላ አይቀምሱም፤ ብርዙ ግን ሁለቱንም አስማማቸው። የእኛ ግማሽ ሱቃችን ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ወሬው በዛ፤ የእኛን ዓይነት ሰዎች ሱቅ ይዘረፋል ተባለ። አባቴ ቅሉን አውርዶ በእናቴ እጅ ላከው። ጋሽ ጳውሎስ ገና ሳይመሽ ከልጆቻቸው ጋር ጦር ይዘው ደረሱ፤ ከተማው እስኪረጋጋ ድረስም ደጃፋችን ላይ አደሩ። ማንም አልነካንም። ሲሄዱ ቅሉን መልሰው በእጃቸው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ትንሿ አገር እኛ ነን ያልኩት ለዚህ ነው።

ከዓመታት በኋላ ከተማው እየሰፋ መጥቶ የጋሽ ጳውሎስ ማሳ ተፈለገ። መሬቱ የአባታቸው መሆኑን፣ እንሰቱንም የተከሉት እሳቸው መሆናቸውን የሚመሰክር፣ ቃሉ የሚሰማለት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አባቴ ከሹማምንቱ ጋር ይግባባ ነበር፤ ንግዱም በእነሱ እጅ ነው። የጋሽ ጳውሎስ ትልቁ ልጅ ግማሹን ቅል ይዞ መጣ። አባቴ ቡና እየመዘነ ነበር፤ ቅሉን ተቀበለና፣ «ነገ በጠዋት ከጎናቸው ነኝ በላቸው» አለው።

በነጋታው አባቴ ገበያ ነው ብሎ ካኮ ወደምትባለው ከተማ ሄደ። የዚያን ቀን ካኮ ገበያ እንደማይውል ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እናቴ ስንቁን ቋጠረችለት፣ እኔ ጆንያውን አቀበልኩት፤ አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

ማሳው ተሸነሸነ። ከሽንሻኖው አንዱ ለአባቴ ደረሰው፤ ቤት ሠራበት፣ እኔንም በኪራዩ አስተማረኝ። እንሰቱ ሲቆረጥ ያየሁት ከሱቃችን ደጃፍ ቆሜ ነው።

ጋሽ ጳውሎስ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አንድ ምሽት ሄድኩ፤ እንደ ድሮው ጎደሬ ከፍሙ አውጥተው ሰጡኝና ያንን ተረት እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ጀመሩት። መልእክተኛው ቅሉን ይዞ ከንጉሡ ደጅ ሲደርስ ተረቱን ትተው ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ከዚያስ፣ ጋሽ ጳውሎስ?»

«ከዚያ ያለውን አባትሽ ነው የሚያውቀው፤ እሱን ጠይቂ» አሉኝ። አልተቆጡም። «ጎደሬው እንዳይበርድብሽ» እንኳ አሉኝ። እኔ ግን አባቴን አልጠየቅኩትም፤ ጆንያውን ያቀበልኩት እኔ ነኛ።

ጋሽ ጳውሎስ ያረፉ ጊዜ አባቴ ለቅሶ ሲሄድ የእሳቸውን ግማሽ ቅል ከካፖርቱ ሥር ሲሸጉጥ አየሁት። ድንኳኑ ውስጥ እህል ሳይቀምስ ዋለና ሲመሽ ከነቅሉ ተመለሰ። አሁን እሱም የለም፤ ሁለቱም ግማሾች እኔ ቤት ናቸው።

ተረቱን ለልጄ እነግራታለሁ። ወንዙን፣ ብርዙን፣ የቅሉን መሰንጠቅ ሁሉ አሳምሬ እነግራትና መልእክተኛው ከንጉሡ ደጅ ሲደርስ አቆማለሁ። «ከዚያስ?» ትለኛለች። ንጉሡ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ ልላት አፌን ስከፍት፣ ተረቱን የማወራበት ይህ ቤት በማን እንሰት ላይ እንደቆመ ትዝ ይለኛል።