ወደ ግድግዳ የዞረው ፎቶ

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! ጌታ በቤቴ ያደረገውን እንድናገር አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ይበቃኛል፤ በአምስት ደቂቃ በር ገጥሜ አውቃለሁ። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ላይ የሱቅ ታፔላ እያየሁ በራሴ ማንበብ ቻልኩ፤ አናጢነቱንም ማንም አላስተማረኝም። ይህ የቆምኩበት መድረክ የማን እጅ ሥራ ነው? የኔ! ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ያኔ ግን ክብሩን የምወስደው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ጥሩነሽ "ጸልይ" ስትለኝ፣ "የሚጸልይ እጅ የሌለው ነው" እላት ነበር።

ልጄ ሲሳይ በኢኮኖሚክስ ሲመረቅ፣ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ የተነሳውን ፎቶ አሳድጌ፣ የወይራ ፍሬም ሠርቼለት፣ በር ሲከፈት ፊት ለፊት እንዲታይ ሰቀልኩት። እንዲያ ያለ ፍሬም ጎንደር ውስጥ የለም። ልጁ ግን ሥራ አጣ። ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል፤ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የማይል የለም። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ጎረቤቴ በመጣ ቁጥር ፎቶውን ቀና ብሎ ያይና፣ "አያ ታከለ፣ ይቺ ቆብ ከዝናብ ታስጥላለች?" ይለኛል። አንድ ቀን ተናድጄ የፎቶውን ፊት ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሲሳይ አየ፤ ማስታወቂያውን አጥፎ ወጣ።

በዚያው ዓመት ታናሽ እህቱ ብርቄ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ! እልል አልን። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ልጅቱ "አልሄድም" ብላ ተኛች።

"ምነው ልጄ?"

"ሲሳይ ተምሮ ምን ሆነ?"

"የታከለ ልጅ አይደለሽም? እኔ ያለ አስተማሪ..."

"አባባ፣ ስንት ዓመት ደክሜ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንድታዞረው ነው?"

ጥሩነሽ ቀስ ብላ፣ "እስቲ ይህንንም በእጅህ ጠግነው" አለችኝ። እጄን አየሁት። አይጠግነውም! ራሴ በሠራሁት ወንበር ሥር ተንበረከኩ። "ጌታ ሆይ፣ ይህን አልቻልኩም። እኔንም ቤቴንም ውሰድ" አልኩት። ሃሌ ሉያ! ተነስቼ ፎቶውን መለስኩት። ዞር ስል ሲሳይ ከኋላዬ ቆሟል።

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ልጁ አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ፣ "አንቺ ሰነፍ፣ ተነሽ! ሒሳቡ ከከበደሽ አስጠናሻለሁ፤ ሥራ እንደሆነ የለኝም!" አላት። ሳቀች። ሳቁ ከአልጋ አነሳት፤ በማግስቱ ሁለቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ፣ ተመዘገበች።

ጌታ ሲሠራ እዩ! ሲሳይ እህቱን ሲያስጠና ጓደኞቿ ተከትለዋት መጡ፤ እነሱም ሌሎችን አመጡ። የእንጨት ሥራ ቤቴን ለሁለት ከፍዬ አግዳሚ ሠራሁላቸው፤ እስከ ዛሬ አንዱም አልተነቃነቀም። በሒሳብ ሊወድቁ የነበሩ ልጆች አለፉ። ሥራ አጥ የነበረው ልጄ ዛሬ እንጀራው ማስጠናት ነው፤ "መምህር" ይሉታል! ብርቄም ባለፈው ወር ተመረቀች፤ ያውም በማዕረግ! እልል በሉ እንጂ!

ያ ጎረቤቴም ልጁን ይዞ መጣ። "አያ ታከለ፣ አንድ ቦታ ይገኛል?" አለኝ። "ዝናብ ሳይመታው ቶሎ ይግባ" አልኩት።

ወገኖቼ፣ ማንበብን በራሴ ተማርኩ፣ አናጢነትን በራሴ ተማርኩ። ይቅርታ መጠየቅን ግን ጌታ ነው ያስተማረኝ። ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አታዙሩበት፤ ታናናሾቹ ያያሉ። ጌታን እመኑት፤ እኔን ግትሩን ያንበረከከ፣ የእናንተ ቤት አያቅተውም። ዛሬውኑ ሂዱና ፎቶውን ስቀሉት። ፍሬም ካጣችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ወይራው ለብርቄ አለቀ እንጂ፣ ሸጋ ዋንዛ አለኝ።