ሁለተኛው ቮይስ

በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልኬን ማጽዳት ነው። ጅዳ ካራንቲና ሰፈር የምንኖር ሁሉ እንደዚያ ነን፤ ፖሊስ መጣ ሲባል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለውም የሌለውም ስልኩን ባዶ ያደርጋል። እኔም ፎቶውን፣ ቮይሱን፣ ያለውን ሁሉ ደመሰስኩና በሩን ከፈትኩ። ምስክሬን በገዛ ጣቴ እንዳጠፋሁት የገባኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ያስገቡን ክፍል መስኮት አልነበረውም። ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ስለሚነፍስ ጅዳ ውጭ በሙቀት ስትቀቀል እኛ ውስጥ ብርድ ልብስ እንሻማ ነበር። ሽንት ቤቱን የሚከልለው እስከ ደረት የሚደርስ ግንብ ብቻ ነው። አብረውኝ የታሰሩት አብዛኞቹ ኢቃማ የሌላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ «አንተስ በምንድን ነው?» ሲለኝ «በምላሴ» አልኩት፤ ሳቁ።

እውነቴን ነበር። አገር ቤት ሕግ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ጅዳ ሥራዬ ሹፌርነት ቢሆንም፣ ዓርብ ዓርብ በአንድ የወሎ ልጆች ግሩፕ የሕግ ጥያቄ እመልስ ነበር። ባብዛኛው የመንገድ ነገር ነው፤ ካሜራ ያዘኝ፣ ከኋላ ገጭተውኝ ጥፋተኛ አሉኝ፣ በአሠሪዬ በከፊሌ መኪና የጓደኛዬን ዕቃ ባመላልስ ያስጠይቀኛል ወይ። ጥያቄው በውስጥ መስመር ይመጣል፣ እኔ ስም ሳልጠራ በግሩፑ ለሁሉም እመልሳለሁ። ረጅም ቮይስ የማዳም ቤት ልጆች ተደብቀው ለመስማት ስለማይመቻቸው እየቆራረጥኩ ነበር የምልከው።

አንድ ዓርብ መካ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ጠየቀችኝ። «ወንድምዬ፣ ማዳሞቹ ፓስፖርታችንን ይዘውብናል። ሴቶቹ ተሰብስበን የኤጀንሲው ቢሮ ደጅ ብንቆም ሕገ መንግሥታችን ይፈቅድልናል?»

ሁለት ቮይስ ላክሁ። በመጀመሪያው፣ «አዎ፣ አንቀጽ ሠላሳ ይፈቅዳል። በሰላም መሰብሰብም ሰልፍ መውጣትም መብታችሁ ነው» አልኩ። በሁለተኛው ደግሞ፣ «ይህ ግን አገራችን ላይ ነው። እዚህ ሰልፍ ክልክል ነው፣ እንዳትሞክሩት። አንድ በአንድ ሄዳችሁ አመልክቱ» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሻይ የሚጋብዝ ሰው ነው። አጠገቡ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ቀና ሲል አየሁት፤ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ሲል የመንገድ ምልክቶችን ካርቶን ላይ እየሣልኩ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ከፊሉ ጠፍቶብኛል ብሎ ሁሩብ፣ የኮበለለ ሠራተኛ ክስ፣ አስመዝግቦበት ነበር፤ ያኔም ከጭንቀቱ የተነሣ አብሮኝ ምግብ አልበላ ብሎ ከርሟል። እውነት ለመናገር ሳየው ደስ አለኝ። የአገሬ ልጅ ነው የሚተረጉምልኝ፣ ተረፍኩ አልኩ።

መርማሪው «አሰማው» አለው። እሱም የግሩፑ አባል ነውና ጓደኛዬ ከኪሱ የራሱን ስልክ አወጣና የመጀመሪያውን ቮይስ ከፈተ። አንቀጽ ሠላሳ፣ ሰልፍ፣ መብታችሁ። እዚያ ላይ አቆመው። ወደ ዓረብኛ ሲመልሰው አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

በምችለው ዓረብኛ «ከዚህ ቀጥሎ ሌላ አለ። እንዳይወጡ ከልክያቸዋለሁ» አልኩ።

መርማሪው ወደሱ ዞረ። «አለ?»

«ማፊ» አለ ጓደኛዬ። የለም ማለቱ ነው። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም።

ቮይሱ ከኔ ስልክ ላይ ጠፍቷል፤ እሱ ስልክ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሥር፣ አንድ ጣት ወረድ ቢል ይገኝ ነበር።

መርማሪው ብዙ አሰበና «መልካም» አለ። «ይህን የጠየቀህን ሰው ንገረኝ። ይመጣና ሁለተኛውን ከስልኩ ያሰማናል። ከተገኘ ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

መካ ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ፓስፖርት የላትም። ከማዳም ቤት አውጥተው እዚህ ካመጧት በኋላ ማን መልሶ ይልካታል? ከግሩፑ ሌላ ምስክር ብጠራም ያንን ሰው ማስያዝ ነው። ስሟን ለመጥራት ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልዋሽም። ሻዩን እስከመጨረሻው ጠጣሁና «ብዙ ሰው ነው የሚጠይቀኝ፣ አላስታውስም» አልኩ።

ጓደኛዬ ተረጎመው። መርማሪው የማስፈርመውን ወረቀት ላምጣ ብሎ ወጣ። ወታደሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ አማርኛ አይሰማም።

«አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ። «ወላሂ ሁሩቡን እናነሣልሃለን ስላሉኝ ነው። አንተን ቢበዛ አገርህ ነው የሚሰዱህ።»

ወደ በሩ አየት አደረገና በዚያችው ድምፅ ቀጠለ።

«የመካ መንገድ ላይ ካሜራ ይዞኛል። ቀይ ጥሰሃል ይላል፤ እኔ በቢጫ ነው ያለፍኩት። ይህ ካልተነሣ ኢቃማዬ አይታደስም። መቃወም ይቻላል?»

ጆሮዬን አላመንኩም፤ የምሩን ነው የሚጠይቀኝ። ዓርብ ዓርብ ክፍላችን ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ እንደሚጠይቀኝ ነው የጠየቀኝ። ልተፋበት ዳድቶኝ ነበር።

«ይቻላል» አልኩት። «ፎቶውን አውጥተህ እይ። መብራቱ ሳይቀላ መስመሩን አልፈህ ከሆነ ተቃውሞ አስገባ፣ ቀኑ ሳያልፍብህ።» እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ተቻኩሎ የመክፈል አመል እንዳለበት አውቃለሁ፤ አንዴ ከከፈለ ደግሞ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠርበታል። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም ነበር። መርማሪው ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ኮቴው ይሰማል።

«ከመቃወምህ በፊት እንዳትከፍል» አልኩት። «ከከፈልክ አለቀ።»

ከሰባት ወር በኋላ ወደ አገሬ ላኩኝ። ዛሬ ኮምቦልቻ ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። የመካዋ ልጅ ፓስፖርቷን አግኝታ ለሌላ ማዳም ትሠራለች፤ በኔ ላይ ስለደረሰው ነገር አታውቅም፣ አልነገርኳትምም። እሱም ተቃውሞው ሰምሮለት ጅዳ እንደሚነዳ ሰዎች ነግረውኛል። ይቅር በለው ይሉኛል። አላልኩትም። ግን እኔም እንደሱ የጠየቀኝን ግማሹን አስቀርቼ ብነግረው ኖሮ ዛሬ ስለሱ ይህን ለመናገር አፍ አይኖረኝም ነበር።