ዱባለና ያልተላከው መድኃኒት

የሞያሌው ዱባለ ሥራው ዕቃ ማድረስ ነው። ከናይሮቢ በአውቶቡስ የመጣውን ጥቅል ሞተሩ ላይ አስሮ፣ ቡቲዬም ይሁን ቦሪ መንደር ድረስ ወስዶ ከባለቤቱ እጅ ያስገባል። የቤት ቁጥር የለም፤ በፍየሎቹና በአጥሩ ጠይቆ ያገኘዋል። አንድ አመል ግን አለው። ዕቃ ዘግይቶ ደንበኛ ሲነጫነጭበት፣ ያልተላከውንም «መንገድ ላይ ነው» ይላል። የሙያው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው።

በፈረንጆቹ 2017 የሚስቱ የኮኪ የጡት ካንሰር ተመልሶ መጣ። ናይሮቢ ሄዱ። እሷ ልብሷን እስክትለብስ ሐኪሙ ፒተር ለዱባለ አስረዳው። ያለፈው መድኃኒት በፍጥነት የሚባዙትን ህዋሳት ገድሏል፤ ግንደ ህዋስ የሚባሉት ጥቂቶች ግን አድፍጠው ተርፈዋል። ካንሰሩን እንደገና የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው። አሁን ተመራማሪዎች በዓይን በማትታይ እንክብል መድኃኒት ጭነው፣ እንክብሏ ግንደ ህዋሱን በምልክቱ ለይታ እዚያው እንድታራግፍ እየሞከሩ ነው።

«ግን ገና አይጥ ላይ ነው» አለ ፒተር። «እናንተ ያለውን ሕክምና ቶሎ ጀምሩ።»

ዱባለ ይህን ሰማም አልሰማም። ልቡ ከእንክብሏ ጋር ሄዷል። ሲመለሱ፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲርገበገብ፣ በአውቶቡሱ መስኮት አሻግሮ እንክብሏን በሐሳቡ አያት። ትንሽዬ ሞተረኛ ሆና በኮኪ ደም ውስጥ ቀስ ብላ ትነዳለች፤ በየደጁ ቆማ «የክፉው ቤት የቱ ነው?» ትላለች። ደስ አለው። ኮኪ በዚያው ሰዓት ያለፈው መርፌ ያሳያትን መከራ አስታውሳ «ደግሜ አልችለውም» ብላ አለቀሰች።

«አይዞሽ፣ የማያሳምም መድኃኒት መንገድ ላይ ነው» አላት።

የእግር ወለምታስ በቅቤ ይታሻል። ኮኪ አመነችው። ቀጠሮዋን ትታ፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር እንደ ደንበኞቹ «ምዚጎዬስ፣ መጣልኝ?» እያለች በስዋሂሊ ጥቅሏን ትጠይቃለች። እሱም ያንኑ ይመልሳል። ሁለት ወር በደስታ፣ እንደ ሰመመን አለፈ።

አንድ ማለዳ ጀሪካን ስታነሣ ክንዷ አልታዘዝ አላት። ዱባለ ያን ሲያይ ባነነ። አጠገቧ ተቀመጠ። አፈረ፤ ፈራም።

«ኮኪ፣ መድኃኒቱ አልተላከም። ገና ተሠርቶም አላለቀ። ዋሸሁሽ።»

ያልታዘዛትን ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች።

«ሌላውን ሰው ስትዋሽ የሚዘገይበት ጫማ ነው» አለች። «የኔ ግን ዕድሜዬ ነው፣ ዱባለ።»

የሐኪም ካርዷን ይዛ ወጣች። የናይሮቢው አውቶቡስ ውስጥ ተከትሏት ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ካለችው ከተማ ማርሳቢት እስኪደርሱ እጇን ይዞ ነበር። አልነጠቀችውም፤ አልጨበጠችውምም።