ኤሊዋ የምትወርድበት ቦታ

«ምን ብላ ነው የጮኸችው? ቃሉን ብቻ ንገሪኝ» አለች ማዳም፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆማ።

«ወራጅ አለ ነው ያለችው።»

«ስድብ ነው?»

«አይደለም ማዳም። አገሬ ታክሲ ውስጥ የሚባል ነው። መውረድ የፈለገ ሰው ሾፌሩ እንዲያቆምለት እንደዚያ ይላል።»

«ልጄ ታክሲ ተሳፍራ አታውቅም።»

«አውቃለሁ ማዳም።»

«ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የባሌ አለቃ ሚስት ፊት ለፊታችን ነበረች። እኔ የማላውቀውን ቋንቋ፣ በእኔው ቤት፣ ለእኔው ልጅ አስተማርሽብኝ።»

እትዬ አስናቀች፣ ወጥ ቤት የሚሠሩት የደሴ ሴት፣ በበሩ ክፍተት ዝም በይ ብለው በዓይናቸው ይለምኑኛል።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ፊልሙን የአቃቂና የቃሊቲ ልጆች አትረሱትም፤ ድርቅ የገባበት አገር እንስሳት በአሮጌ ባቡር ተሳፍረው ባሕር ፍለጋ የሚሄዱበት ካርቱን ነው። እኔ ከወንድሜ ከቅዱስ ጋር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ያየሁት በትርጉም ነበር። አንድ ሰውዬ ከላይ ሆኖ የሁሉንም ንግግር በአማርኛ ያወራል። ኤሊዋም እሱ፣ ዝሆኑም እሱ፣ የዝሆኑ ሚስትም እሱ። ትኬት ቆራጩን ሽመላ የታክሲ ረዳት አድርጎት፣ በረሃ መሃል «ሳሪስ አቦ፣ የቀረ አንድ ሰው» እያሰኘ ያስጠራዋል። ዘፈን ሲመጣ ግን አይተረጉምም። «አሁን እየዘፈነች ነው» ይልና ዝም ይላል፤ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው ይሰማል።

መጨረሻ ላይ ኤሊዋ ጓደኞቿን ባቡሩ ላይ ትታ ብቻዋን ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ረጅም የስንብት ዘፈን አላት። ሰውዬው ዘፈኑን ሁሉ ተወውና በቀስታ «ወራጅ አለ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ፤ አጠገቤ የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ግጥም መሞከር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ስንኝ ሲረዝምብኝ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኝና እሰርዛለሁ።

የሄድኩ ቀን ወደ ቦሌ የወሰደን የሰፈር ሚኒባስ ነበር። ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ ቅዱስ ሊያስቀኝ ብሎ «ወራጅ አለ» አለ። ሾፌሩ የምር መስሎት አቆመ። በሩ ተከፈተ። እማዬ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ማንም አልወረደም። «ምን ትቀልዱብኛላችሁ» ብሎ ሾፌሩ እየተቆጣ ነዳው። እዚህ ዱባይ ልብስ እየተኮስኩ ያ በር እንደተከፈተ ሆኖ ይታየኛል።

አገሩ እንዴት ነው ትሉኛላችሁ። እናንተ ሐምሌ ላይ ጭቃው ጫማችሁን ሲያስቀርባችሁ፣ እዚህ ውጭው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ነው፤ ብርዱ ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ ያውም በሪሞት። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ የማታውቀው ሰው ጉልበትህ ላይ ዘንቢሉን አስቀምጦ ስለ ልጆቹ ያወራሃል። እዚህ ሊፍት ውስጥ ሰላም ያልኳት ሴት ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። ማዳም ደግሞ በመጣሁ ዕለት ፓስፖርቴን ተቀበለችኝ።

«እንዳይጠፋብሽ ነው» አለች።

«ጠፍቶብኝ አያውቅም ማዳም።»

«ጥሩ። እንዳይጀምርሽ ነው።»

መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።

የማዳም ልጅ ሊን ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ከፍ ስትል ያንን ካርቱን ቤታቸው አገኘሁት። ድምፁን አጥፍቼ እንደ ሰውዬው ተረጎምኩላት፤ ዝሆኑን የሳሪስ ደላላ፣ አዞውን የኮንዶሚኒየም ጥበቃ አደረግኩት። ዘፈን ሲመጣ «አሁን እየዘፈነች ነው» ብዬ ውሃ እጠጣለሁ፤ እሷም ጠርሙሷን ከፍታ ትጠጣለች። ደንቡ ይህ ነበር። አማርኛዋ እንደ ቃሊቲ ልጅ ፈጠነ። ጽፌ የማውቀውን ግጥም ሁሉ የሰማችልኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ካርቱኑ መድረክ ላይ በሰው ሊሠራ መጣ ተባለ። ማዳም ትኬት ገዛች፤ ለእኔም ገዛች፣ ሊንን ሽንት ቤት የሚወስዳት ሰው ስለሚያስፈልግ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲጀመር አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ባቡሩ ከብርሃን የተሠራ ነው። ዝሆኑ ውስጥ ሰዎች አሉ፤ እግራቸው ይታያል፣ ግን ትረሱታላችሁ። በኋላ ግን መዝፈን ጀመሩ፣ አላቆሙም። ሽመላው ስለ ተስፋ ይዘፍናል፣ አዞው ስለ ብቸኝነቱ ይዘፍናል፤ የተጠማ እንስሳ ያን ያህል ትንፋሽ ከየት አመጣ። ሊን ዘፈን በመጣ ቁጥር ጠርሙሷን ታነሳለች። ግማሹ ሳይደርስ ውሃው አለቀ።

መጨረሻ ላይ ኤሊዋ ወርቅማ ቅርፊቷን አዝላ በገመድ ወደ ላይ ተነሳች። ዘንድሮ እንግሊዝኛው ገብቶኛል፤ ያንን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቤቴን በጀርባዬ ይዣለሁ፣ የትም ብሄድ አገሬ ነው፣ የሚከለክለኝ የለም ትላለች። ሰውዬው ያልተረጎመው ስላልቻለ ይመስለኝ ነበር። ለእኛ እንዲህ ብሎ መንገር አፍሮ ነው። ዞር ስል ማዳም ታለቅሳለች። ፓስፖርቴን የቆለፈችበት ቁልፍ አንገቷ ላይ ካለው ሐብል ጋር አብሮ ተንጠልጥሏል፣ እንባዋም እዚያው ላይ ይወርዳል።

ሊን ወንበሯ ላይ የቆመችው ያኔ ነው። የምትጠብቀው ቃል ስለቀረባት፣ «ወራጅ አለ» ብላ ጮኸች።

ጨለማው ውስጥ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከግራ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከላይ ከፎቁ ደግሞ ሌላ። ፊታቸውን አላየሁም፣ ግን የአሠሪ ልጅ ይዘው የገቡ የአገሬ ሞግዚቶች ናቸው። ማዳምን ያበገናት የሊን ጩኸት አይደለም፤ የዚያን ሳቅ ብዛት ሰምታለች።

ሳሎን ውስጥ ፍርዱን ሰጠች። ሌላ ሞግዚት ትመጣለች፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የምታወራ። እኔ ኩሽና እሠራለሁ፤ ሊንን በምንም ቋንቋ አላናግራትም። እምቢ ካልኩ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጠረኝ ቢሮ፣ እመለሳለሁ።

እትዬ አስናቀች ኩሽና ውስጥ እጄን ያዙኝ። «እሺ በያት የኔ ልጅ። ቢያንስ ታይያታለሽ።»

«እያየኋት ዝም ልበላት እትዬ?»

«እኔ ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ።»

«እርስዎ የሚያወሩት ሰው አልነበረዎትም። እኔ አለኝ።»

ሽንኩርታቸውን ወደ መክተፍ ተመለሱ። ማልቀሳቸው ከሽንኩርቱ ይሁን ከእኔ አልጠየቅኩም።

በማግሥቱ ወደ መክተብ የሚወስደኝ የቤቱ ሾፌር ሻንጣዬን ይዞ ቀደመኝ። ማዳም ፓስፖርቴን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ሰጠችው። ሊን የአዲሷን ሞግዚት እጅ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ በሌላ እጇ ጠርሙሷ አለ። ወዴት ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

በሩ ላይ ዞር ብዬ፣ ማዳም እየሰማች፣ «ወራጅ አለ» አልኳት።

ሊን አየችኝ። እጇን ከሞግዚቷ አላቀቀች፣ ጠርሙሷን ከፈተች፣ ቀስ ብላ መጠጣት ጀመረች። ጠጥታ ሳትጨርስ ወጣሁ፤ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።