እትዬ አስቴርና ሰማያዊዋ ቮልሳቸው

ጠዋት ጋሽ ገብሬ ደውለው «አስቴር አረፈች» ሲሉኝ «የቷ አስቴር?» አልኳቸው። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። ሌላ አስቴር እንዲሉኝ ፈልጌ ነው።

እሁድ እኮ አብረን ነበርን።

ቢሮ ገብቼ ሥራ ሳልነካ ዋልኩ። አሁን እሳቸው ግቢ ሆኜ ይህን የምጽፈውም ሰው ሁሉ እየደወለ ስለሚጠይቀኝና ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ መንገር ስለከበደኝ ነው።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ አስቴር ቦንጋ ውስጥ ስንቱን ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ሰማያዊ ቮልስ የሚነዱት ሴትዮ ናቸው። መኪናዋ የባላቸው ነበረች። ባላቸው ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ «ሽጫት» አላቸው። እሳቸው ሄደው መንጃ ፈቃድ አወጡ።

እኔ ከደሴ ተመድቤ ስመጣ እዚህ አገር አንድም ሰው አልነበረኝም። ያለኝ አንድ ያረጀች ቮልስ ብቻ ነበር። እሷም አንድ ቀን ከገበያው በታች ዳገቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመችብኝ። ቁልፉን ደጋግሜ ሳዞር አንዲት ሴትዮ መኪናቸውን አቁመው ወረዱ።

«ተዋት እንጂ ልጄ! ትንሽ ትተንፍስ። ሰው አይደለችም እንዴ?»

ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! መኪና ሲቆም፣ ሰው ሲናደድ፣ ስብሰባ ሲጋጋል፣ «ትንሽ ትተንፍስ»።

ያን ቀን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደምበላ፣ ልብሴን ማን እንደሚያጥብልኝ ሁሉ ጠየቁኝ። ጠይቀውኝ ሲያበቁ ሄጄ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ተነሳች። በዚያው ሳምንት «አሮጌዎቹ» ውስጥ ገባሁ።

«አሮጌዎቹ» የከተማው ሰው ያወጣልን ስም ነው። አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች እሁድ እሁድ ተሰብስበን ወደ ጊምቦ ወይም ወደ ዋጫ እንወጣለን፤ ሻይ ጠጥተን፣ አንዱ የሌላውን ሞተር ከፍቶ አይቶ እንመለሳለን። በቃ፣ ሌላ ዓላማ የለንም። ጋሽ ገብሬ በላንድሮቨራቸው ከኋላ ይከተሉናል። የቆመውን የሚጎትቱት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የእትዬ አስቴር ዓይን ደከመ። ሐኪም «ከእንግዲህ መንዳት የለም» አላቸው። ቁልፉን ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «በሉ፣ እንግዲህ በተራ ንዱኝ» አሉን። ነዳናቸው። ከጎን ተቀምጠው «ማርሽ ቀይር፣ እየጮኸች ነው» እያሉ ይቆጡናል። ሲብስባቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ባይገባኝም እቀይራለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ እያደከመን መጣ። አንዱ ተዛወረ። አንዱ መኪናውን ለአዲስ አበባ ሰው ሸጠ። ቤንዚን ሰልፍ ነው፣ መለዋወጫ የለም፣ መንገዱ ክረምት በመጣ ቁጥር ይብሳል። በመጨረሻ ጋሽ ገብሬና እኔ ብቻ ቀረን።

ባለፈው ፋሲካ ልጃቸው ዳዊት ከአዲስ አበባ መጣ። ለመኪናዋ ገዥ አግኝቶ ነበር።

«እማዬ፣ አታዪም እኮ! መኪና ምን ያደርግልሻል?»

«ማየት ነው ያቆምኩት። መሄድ አላቆምኩም።»

ተጨቃጨቁ። በኋላ «እሺ፣ አንድ ጊዜ አንተ ራስህ ንዳኝና ከዚያ ሽጣት» አሉት። ዳዊት ነዳ፣ እሳቸው ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ዋጫ ሳንደርስ፣ ጉሙ መሀል፣ ዳገት ላይ ጠፋችበት። ተናዶ መሪውን መታው።

«አየሽ? ይኸው! አየሽ አይደል?»

እትዬ አስቴር ወደ እኔ ዞሩ። የት ጋ እንደቆምን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በሩን ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጭ አወጡ።

«አባትህ የሞተ ጊዜ እዚህ እየመጣሁ ነው ያለቀስኩት» አሉት። «ቤት እንዳላለቅስ አንተ አለህ። ትንሽ ነበርክ። ጎረቤት ትቼህ እዚህ ድረስ እነዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። አንተ ገበያ የሄድኩ ይመስልህ ነበር።»

ዳዊት ወርዶ በእሳቸው በኩል ዞረና እርጥቡ መሬት ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እኔ ወርጄ ራቅ አልኩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ቦንጋ እንደገባን ግን ለገዥው ደውሎ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አትሸጥም» ሲለው ሰምቻለሁ።

ባለፈው እሁድ ደክሟቸው መውጣት አልፈለጉም። ግቢ ውስጥ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። «አስነሳትና ልስማት» አሉኝ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሟት። «ደህና ናት። በል አጥፋት።» ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ተለያየን።

ዳዊት አሁን መንገድ ላይ ነው፣ ጅማን አልፏል። «መኪናዋን ማንም እንዳይነካት። ነገ ከሬሳው ኋላ የምነዳት እኔ ነኝ» ብሎኛል። ጋሽ ገብሬ ግን ባልዲ ይዘው እያጠቧት ነው። እየዘነበ ነው። ማንም አልከለከላቸውም።

እትዬ አስቴር፣ ዛሬ አቅም የለኝም። ደሴ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። አይታዎት አታውቅም፣ ግን አለቀሰች። «አሁን እዚያ ማን አለህ?» አለችኝ። የጋሽ ገብሬን ስም ጠራሁላት፣ የዳዊትን ጠራሁላት፣ የጎረቤቶችዎን ጠራሁላት። እየጠራሁ ሳለ ነው ሁሉንም ያገኘሁት በእርስዎ መሆኑ የገባኝ።

ደህና ይግቡ፣ እትዬ አስቴር።