ከራሷ ሥር የነበረው መጽሐፍ

ማንበብ የተማርኩት አግብቼ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማረችን ዘማች ተማሪ ገና ልጅ ነበረች፤ በጅማ፣ በአወቱ መንደራ ቀበሌ አዳራሽ እናቶቿን የምናህለውን ሴቶች አግዳሚ ላይ ደርድራ "ሀ በሉ" ትለን ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠችኝና "ፊደል እንደ እግር መንገድ ነው፤ ካልሄዱበት ሣር ይውጠዋል። ትንሽም ብትሆን በየቀኑ አንብቢ" አለችኝ።

ሣሩ ሲውጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ ጋር የተመረቀች ጎረቤቴ የምስክር ወረቀቷን በመስተዋት አሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። በሁለተኛው ዓመት ግን እዚያው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የገዛ ስሟን ማንበብ አቃታት። "ስሜን እኔ አውቀው የለ፣ ምን ያስነብበኛል" ብላ ሳቀች። እሷ ስትስቅ የእኔ ሆድ ባባ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አነባለሁ፤ አንድ ገጽ፣ ካልሆነ ግማሽ ገጽ።

ሥራዬ ቡና ለቀማ ነበር። ቡናው ከየቡ ከተማና ከሌሎቹ የገጠር ከተሞች በጆንያ ተጭኖ ጅማ መጋዘን ይገባል፤ እኛ ሴቶቹ ተደርድረን ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀምን እናወጣለን። ለቀማ ላይ ዓይንና ጣት እንጂ ጆሮ ሥራ የለውም። መጽሐፉን ይዤ መሄድ የጀመርኩት ሥራ ለፈታው ለዚያ ጆሮ ነው። መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ብቻ አነብላቸው ነበር። ኋላ ምሳ ሰዓት አልበቃ ሲላቸው የእኔን ድርሻ እነሱ ተካፍለው እየለቀሙልኝ እኔ እንዳነብ ተስማማን። የሥራ አለቃችን ካቦው አይቶ ሊቆጣ ሲመጣ፣ ከመሃላችን አንዷ ተረበኛ ቀና እንኳ ሳትል፣

"ካቦ፣ ንባብ ተከለከለ እንዴ? ቀበሌ ሄደን እንጠይቅ?" አለችው።

በዚያ ዘመን ንባብ ከለከለ መባልን ማን ይደፍራል። "ኧረ አንብቡ" ብሎ በመጣበት ተመለሰ።

የመጽሐፉ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ በረዶ የሚወርድበት አገር። አንዲት እናት ወንዝ ዳር፣ ጀልባ መሻገሪያው አጠገብ ትኖራለች። አንድ ልጇ ጦር ሜዳ ሄዷል። ጀልባዋ በመጣች ቁጥር እናትየው ወርዳ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። "ቡና የማይበቅልበት አገር ደግሞ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል" ትላለች ተረበኛዋ፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። የማይስቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

እኒህን ሴትዮ ሁላችንም አዮ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። የየቡ ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አንዲት ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የእኔን ድርሻ ከሁሉ አብዝተው የሚለቅሙት አዮ ናቸው። ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ስዘጋ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

"ይመጣል?"

"ገና ነው አዮ። አልደረስንበትም።"

"ወላሂ አልቸኩልም። ግን ስትደርሺ ቀድመሽ ለእኔ ንገሪኝ።"

እሺ አልኳቸው። ልጄ ሆዴ ውስጥ ስትገላበጥ፣ መጽሐፉ ግማሹ ላይ ደርሶ፣ ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ምጥ መጣብኝ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉ ጤነኛ። የአርባው ቀን አራስነት ለንባብ ይመቻል ብዬ አስቤ ነበር፤ ያላሰብኩት አማቴን ነው። አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ሊያርሱኝ መጥተው ክንዴ እንኳ እንዲደክም አልፈቀዱም። መጽሐፉን ባነሳሁ ቁጥር ግን፣

"ኡልማ ላይ ነሽ፤ አራስ ነሽኮ። የአራስ ዓይን ክፍት ነው፣ ፊደሉ ይመጥጠዋል" ይሉኛል።

"ጥቂት ብቻ እማ።"

"ጥቂት እያለ ነው ሰው የሚታወረው።"

ልጅቷ ደግሞ የጠባችውን ሁሉ ትመልስ ነበር። ጭንቅላቷ ከፍ ይበል ተባለ። አማቴ ቤቱን ዙረው ዙረው ልክ የሆነ ነገር ያገኙት ያንን መጽሐፍ ነው። በጨርቅ ጠቅልለው ከራሷ ሥር አደረጉትና "መጽሐፍ ከሆነ ይኸው ለእሷም ይጥቀማት" አሉ። እውነትም ትውከቱ ቀነሰላት። ከዚያ በኋላ ማን ያንሳው።

እንግዲህ የእኔን ነገር እዩት። ልጅቷ ስትተኛ እጄ ነጻ ነው፣ መጽሐፉ ግን ከራሷ ሥር ነው፤ ብስበው ትነቃለች። ስትነቃ መጽሐፉ ነጻ ነው፣ እኔ ግን አይደለሁም። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ጨርቁን ፈትቼ ገጼን ሳላገኝ ጮኸች። ሌላ ቀን እያጠባሁ በአንድ እጄ ያዝኩት፤ አንዷን መስመር ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም መጨረሻዋ ላይ ስደርስ መጀመሪያዋ ጠፋኝ። ፊደሎቹ እንዳልተለቀመ ቡና ጥሩውና ጥቁሩ ተደባልቆ ታየኝ። ዘጋሁት።

ልጄን አልጠላኋትም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ጣቶቿን እየቆጠርኩ አለቅስ ነበር። ግን ጠዋት ስነቃ ቀኑ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ አፈጣለሁ፣ የጎረቤቴ የምስክር ወረቀት ዓይኔ ላይ ይመጣል። ባሌ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማታ ሲገባ "ምን ሆነሻል?" ይለኛል፣ "ምንም" እለዋለሁ። ምን ልበለው? ፊደል እየከዳኝ ነው ይባላል? ሰው ልጅ አግኝቶ ስለ ፊደል ያለቅሳል? ለአማቴ አንዴ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር። ጀርባዬን እያሹ "ኦብሲ፣ ታገሺ" አሉኝ። "እኔ ሰባት ወልጄ ፊደል አላማረኝም፤ ያንቺም ይወጣልሻል።"

እንደ በሽታ ይወጣልሻል ማለታቸው ነበር። እኔ የፈራሁት ደግሞ እሱኑ ነው፤ እንዳይወጣልኝ።

አርባዬን ጨርሼ፣ ጥቂት አገግሜ፣ የካቲት ላይ ልጄን አዝዬ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ሴቶቹ ልጅቷን ተቀባብለው መረቁ፣ ባዶ ጆንያ አጥፈው አጠገቤ አስተኙልኝ። የእኔ ድርሻ ቡና ሳልነካው ተከፋፍሎ አለቀ። መጽሐፉን ከፈትኩ።

ድሮ ማታ ቤቴ ቀድሜ አነብና ነበር በማግሥቱ የማነብላቸው፤ ያም ሆኖ በየመስመሩ እደናቀፋለሁ። አሁን ከገጹ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። የመጀመሪያዋን ቃል አልኩ፤ ሁለተኛዋን አልኩ፤ ልጅቷ አለቀሰች፣ ጡቴ ቀሚሴን አራሰው፣ ሦስተኛዋ ቃል አልመጣ አለች። እንደገና ጀመርኩ።

"ምነው፣ ጀልባዋ ተሰበረች?" አለች ተረበኛዋ።

ሴቶቹ ሳቁ። አዮ አልሳቁም፤ ጣታቸው የእኔን ቡና እየለቀመ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። የተለቀመልኝን ቡና አየሁት። አፈርኩ። ከዚያ ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ ከራሴ ፈጥሬ ማውራት ጀመርኩ።

ወሬ መቼም አይቸግረኝም፤ በልጅነቴ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተረት አውሪ እኔ ነበርኩ። ልጅየው ቆሰለ አልኩ። ሆስፒታል ገባ አልኩ። አንዲት ነርስ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፋ፣ ሌላ ጻፈች። በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ አቀረብኩት። ሴቶቹ ወደዱት፤ "መጽሐፉ አሁን ነው የጣፈጠው" አሉ። እኔ ውስጤ እየጨለመ ገጽ እገልጣለሁ፣ ያላነበብኩትን ገጽ። መጽሐፍ እንደምታነብ ሴት ተቀምጬ ሌሎች ይለቅሙልኛል። ማታ ቤት ስገባ መጽሐፉ ተመልሶ ከልጅቷ ራስ ሥር ይገባል። እኔም ማውጣቱን ተውኩ፤ ለምን አወጣዋለሁ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን በጀልባዋ አምጥቼ እናቱ ፊት አቆምኩት። ተረበኛዋ እልል አለች፣ ካቦው እንኳ ከበሩ ላይ ፈገግ አለ። አዮ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ማምሻውን ስንወጣ እስከ አወቱ ድልድይ አብረን ሄድን። ልጄን ከጀርባዬ ተቀብለው አዘሏት።

"ያ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ እኔን ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። "መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?"

"አዎ አዮ።"

"እኔ ፊደል አላውቅም። ግን ድሮ ስታነቢ ትደናቀፊ ነበር። ልብሽ አንዷ ቃል ላይ ቆሞ ሲታገል እሰማዋለሁ። ሰሞኑን አልተደናቀፍሽም።"

ድልድዩ ላይ ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

"አልተቆጣሁም። የደግ ነው ያወራሽው። ግን ደግነት ከሆነ ጎረቤቶቼም ይመጣል ይሉኛል፤ ሁሉም ይመጣል ነው የሚለኝ። እኔን የማያውቀኝ ሰው የጻፈውን ነው መስማት የፈለግኩት። አይመጣም ቢልም ይበል።"

"አነብልዎታለሁ አዮ።"

"እሑድ እመጣለሁ። ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፣ አንቺ አንብቢ።"

እሑድ መጡ። አማቴ ገበያ ወጥተው ነበር። አዮ ልጅቷን ቀስ አድርገው አንስተው ጭናቸው ላይ አስተኟት፤ መጽሐፉን ራሳቸው ከጨርቁ ፈተው ሰጡኝ። የቆምኩበትን ገጽ አገኘሁ። ጀመርኩ። ተደናቀፍኩ፤ ደስ አላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ገጽ ሄድኩ፤ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ልጄ በሰው እጅ ላይ ናት፣ ጡቴ ባዶ ነው፣ ማንም አይጠራኝም። እንዲህ ያለ ሰዓት ከወለድኩ አይቼ አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ጓዳው ዞራለች። መጽሐፉ ደረቴ ላይ ተደፍቷል፣ ነጠላ ለብሻለሁ። አዮ እንደተቀመጡ ናቸው፤ እግራቸው ደንዝዞ በእጃቸው ያሹታል፣ ልጅቷ እዚያው ጭናቸው ላይ።

"ለምን አልቀሰቀሱኝም?" አልኩ።

"ልቀሰቅስሽ ነበር። ከዚያ ፊትሽን አየሁትና ተውኩት። መጽሐፍ የት ይሄዳል? በሚቀጥለው እሑድ ኢንሻአላህ።"

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ አዮ ሥራ አልገቡም። ቀበሌ ተጠርተዋል ተባለ። ሁላችንም ጣታችን ቡናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። በዚያ ሰሞን እናት ቀበሌ የምትጠራው ለምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

የልጃቸውን ሐዘን የቡ ያሉ ዘመዶቻቸው ቤት ተቀመጡ። ልንሄድ በተቀጣጠርንበት ቀን ጠዋት ልጄ ተኝታ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ መጽሐፉን ከራሷ ሥር መንትፌ አወጣሁት። ጮኸች። አላነሳኋትም። አስለቅሻት ቁጭ ብዬ፣ ቃሉን እየዘለልኩ፣ እየወደቅኩ እየተነሳሁ፣ ጀልባ የምትለዋን ቃል እየፈለግኩ ወደ መጨረሻው ሮጥኩ። አማቴ ከጓሮ ሮጠው ገብተው ልጅቷን አነሱ፤ እኔን ሲያዩ ሊቆጡ የከፈቱትን አፍ ዘጉት።

መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ መጣ። አልቆሰለም፣ ነርስ የለችም፣ ደብዳቤ የለም። ዝም ብሎ አንድ ቀን ከጀልባዋ ወረደ፤ እናቱም መጀመሪያ ሳታውቀው አለፈችው።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ያን እሑድ ብነቃ ኖሮ አዮ ይህን ይሰሙ ነበር፤ አራት ቀን ያህል ደስ ይላቸው ነበር። አራቱ ቀን ይጠቅማቸው ነበር ወይስ ይብስባቸው ነበር? ስንት ዓመት አለፈ፣ ዛሬም አላውቀውም።

የቡ ደረስን። አዮ ከሴቶቹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ በአንድ ሳምንት ግማሽ ሆነዋል። አላለቀሱም። ልጄን ከጀርባዬ እንዳወርድ በእጃቸው አሳዩኝ፣ ታቀፏት፣ ራሷን ከኋላ በመዳፋቸው ደገፉት። ሌሎቹ ሴቶች ወዲያ እስኪሉ ጠበቁና ጎንበስ ብለው፣

"ጨረስሽው?" አሉኝ።

"አልጨረስኩትም አዮ።"

ከልጄ ቀና ብለው አዩኝ። ያወቁ ይመስለኛል፤ ሳልደናቀፍ ነበር የመለስኩላቸው።